በዱባይ የጋራ ሕንፃዎች ያልተከፈለ የአገልግሎት ክፍያ፦ ዕዳው የማን ነው? የተቸገረስ ወዴት ይሂድ?

በዱባይ በጋራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚገለገልባቸው ብዙ ነገሮች የአንድ ሰው ብቻ አይደሉም። አሳንሰሩ፣ የደረጃው መብራት፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ደወል፣ ውኃውን ወደ ላይኛው ፎቅ የሚገፋው ፓምፕ፣ በመግቢያው የሚቆመው ጥበቃና ሌሊት ቆሻሻ የሚያነሣው የጽዳት ሠራተኛ ሥራቸውን የሚሠሩት የቤት ባለቤቶች በየዓመቱ በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ ሳይከፈል ሲቀር የሚከተለውን የሚወስነው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዱባይ ሕግ ቁጥር 6 ነው። ሕጉ በቀጥታ የሚናገረው ለባለቤቶች ቢሆንም ውጤቱ ቤቱን ተከራይቶ የሚኖረውን ቤተሰብና በዚያው ቤት ተቀጥሮ የሚያድረውን ሠራተኛም ይነካል።

የሕጉ የዐረብኛ ቅጂ ክፍያውን «በደል አል-ኺድማት» ብሎ ይጠራዋል። ቃሉ በአማርኛ ጆሮ ሌላ ነገር ያሰማል፤ አንዳንድ ባለቤትም ደረሰኙን ሲያይ ትርጉሙ የአማርኛው ሳይመስለው አይቀርም። በዐረብኛ ግን «በደል» ምትክ ወይም ለዋጭ ማለት ሲሆን፣ ሐረጉ «ለተሰጠ አገልግሎት በምትኩ የሚከፈል» የሚል ስሜት አለው። ስለዚህ የመንግሥት ግብር አይደለም፤ አስተዳዳሪው ኩባንያ እንደ ፈቀደ የሚያዝበት ገቢም አይደለም። ከሌሎች ሁለት ክፍያዎችም መለየት አለበት። በየወሩ ከኤሌክትሪክና ውኃ ሒሳብ ጋር በዴዋ በኩል የሚመጣው የማዘጋጃ ቤቱ የመኖሪያ ቤት ክፍያ ለተከራይ የዓመታዊ ኪራዩ 5 በመቶ ሲሆን ከፋዩም ራሱ ተከራዩ ነው። በማዕከላዊ ማቀዝቀዣ በሚጠቀሙ ሕንፃዎች ደግሞ የማቀዝቀዣው ፍጆታ ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል። «የአገልግሎት ክፍያ አልከፈልክም» የሚል ወሬ የሰማ ተከራይ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ክፍያ እንደሆነ ነው።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ያለው ወይም የኖረ አንባቢ ነገሩን ከለመደው ጋር ማነጻጸሩ አይቀርም። በኢትዮጵያ የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ባለቤቶች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ የጥበቃና የደረጃ መብራት መዋጮ የሚሰበስበውም በአብዛኛው ከጎረቤት የተመረጠ ኮሚቴ ነው። ዱባይም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 27 የባለቤቶች ማኅበራትን አቋቁማ ነበር። የ2019ኙ ሕግ ያንን ሻረው። አሁን ያለው የባለቤቶች ኮሚቴ አባላቱ ከዘጠኝ የማይበልጡ ሆነው በሪል እስቴት ተቆጣጣሪው ኤጀንሲ (ሬራ) የሚሰየም ነው፤ የሕንፃውን በጀት ይመረምራል፣ አቤቱታ ይቀበላል፣ አስተዳደሩን ይከታተላል፤ ገንዘቡን ግን አይዝም፣ ባለዕዳውንም አይከስም። ገንዘቡ የሚገባው ለሕንፃው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም አስተዳዳሪው ኩባንያ፣ በትልልቅ ፕሮጀክቶች ደግሞ ራሱ አልሚው ነው። ከዚህ የተነሣ የክፍያ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው ባለቤት ጉዳዩን በጎረቤት ሽማግሌ ወይም በኮሚቴው ሰብሳቢ በጎ ፈቃድ እጨርሰዋለሁ ብሎ ቢቀመጥ ጊዜውን ያጣል። ኮሚቴው ዕዳ የመማር ሥልጣን የለውም።

የክፍያው መጠን የሚሰላው በቤቱ ስፋት ነው። ሬራ ያላጸደቀውን ማንኛውንም የአገልግሎት ክፍያ ማስከፈል ሕጉ ይከለክላል። የጸደቀው ተመን በካሬ ጫማ በድርሃም ተቀምጦ በዱባይ የመሬት መምሪያ የአገልግሎት ክፍያ ማሳያ ላይ ይገኛል፤ ባለቤቱ የሕንፃውን ስም አስገብቶ ሊያየው ይችላል። ለምሳሌ ተመኑ በካሬ ጫማ 14 ድርሃም ቢሆን የ500 ካሬ ጫማ ስቱዲዮ ባለቤት በዓመት 7,000 ድርሃም ይከፍላል ማለት ነው። ቤቱ ተቆልፎ ቢቀመጥ ክፍያው አይቀርም። ባለቤቱ «መዋኛውንና የስፖርት አዳራሹን አልጠቀምም፣ ድርሻዬን ትቻለሁ» ብሎም ሊያመልጥ አይችልም፤ ከጋራ ክፍሎች ያለውን ድርሻ በመተው ከክፍያ ነፃ መሆን አይፈቀድም። ያልተሸጡ ቤቶችን ድርሻ ደግሞ የሚከፍለው አልሚው ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ጠንካራ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ከባለዕዳው በር ወጥቶ ወደ አሳንሰሩ መሄድ ይበቃል። በአንድ ሕንፃ ካሉት ባለቤቶች ከፊሉ ካልከፈሉ የጥገናው ውል ይስተጓጎላል፤ አሳንሰሩ ሲቆም በመጀመሪያ የሚጎዱት አስራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር፣ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ልጅ ናቸው። የጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛው ደመወዝም የሚወጣው ከዚያው ቋት ነው። ስለ አቅመ ደካሞች በሚነሣ ክርክር ውስጥ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ይሁን እንጂ ባለዕዳው ራሱ አቅመ ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሥራ ያጣ፣ የታመመ፣ የንግድ ሸሪኩ የከዳው ባለቤት ይኖራል። የዱባይ ሕግ ለእንዲህ ያለው ሰው የተለየ ቅናሽ ወይም ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ድንጋጌ አላስቀመጠም። የሚሰጠው ጊዜና ሥርዓት ነው፤ እርሱንም ለሚጠቀምበት።

ሥርዓቱ እንዲህ ይሄዳል። ባለቤቱ ድርሻውን ካልከፈለ አስተዳዳሪው አካል በ30 ቀናት ውስጥ እንዲከፍል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። በዐረብኛ «ኢንዛር» የሚባለው ይህ ወረቀት የማስታወሻ መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ አይደለም። 30 ቀኑ ካለፈ በኋላ ኩባንያው ረጅም ክርክር ውስጥ ሳይገባ ጥያቄውን በቀጥታ በኪራይ አለመግባባቶች መፍቻ ማዕከል ላለው የአፈጻጸም ዳኛ ማቅረብ ይችላል። ይህ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 26 የተቋቋመ ሲሆን፣ በጋራ ሕንፃዎች ላይ የሚነሡ ክርክሮችም ለእርሱ ተሰጥተዋል። ዳኛው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ቤቱ በሐራጅ ተሽጦ ዕዳው እንዲከፈል ሊያዝ ይችላል። በተጨማሪም ሕጉ ለዕዳው በቤቱ ላይ የቀዳሚነት መብት ይሰጣል፤ ባለቤቱ ውዝፉን ሳይከፍል ቤቱን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። ሻጭና ገዢ በተለምዶ ኤን.ኦ.ሲ. የሚሉት ያለመቃወም ደብዳቤ በሽያጭ ጊዜ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው ጊዜ እነዚያ 30 ቀናት ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ባለቤቱ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው ሒሳቡን መመርመር ነው፦ በወረቀቱ ላይ ያለው ተመን ከጸደቀው ጋር ይገጥማል? የቤቱ ስፋት በባለቤትነት ማረጋገጫው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? ቀድሞ የተከፈለው ተቀንሷል? በአልሚው ጥፋት የመጣ ጥገና ተጨምሮበታል? ሕጉ አልሚውን ለሕንፃው መዋቅር ጉድለት የሥራ ማጠናቀቂያ ማረጋገጫ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመታት፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለሜካኒካልና ለቧንቧ ሥራዎች ጉድለት ደግሞ ቤቱ ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ኃላፊ ያደርገዋል። ስሕተት ያገኘ ባለቤት አቤቱታውን ለሬራ ያቀርባል። ሕጉን የጣሰ አካል እስከ 1,000,000 ድርሃም፣ ጥፋቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ከደገመው እስከ 2,000,000 ድርሃም ሊቀጣ ስለሚችል፣ በማስረጃ የቀረበ አቤቱታን ኩባንያዎች ቀላል አድርገው አያዩትም።

ሁለተኛው ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ገንዘቡ ሲጠፋ የሚደረግ ነው። ባለቤቱ ለኩባንያው በጽሑፍ ሁኔታውን ገልጾ ዕዳውን ከፋፍሎ ለመክፈል ይጠይቃል። ኩባንያው የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ሐራጅ ለእርሱም ረጅምና አድካሚ መንገድ ስለሆነ ተጨባጭ ቀንና መጠን የያዘ ሐሳብ ከዝምታ ይሻለዋል። ስምምነት ከተደረሰ በጽሑፍ መሆን ይኖርበታል። በቢሮው ያለ ሠራተኛ «ችግር የለም፣ ቀስ ብለህ ክፈል» ማለቱ ኢንዛሩን አያስቆመውም።

አብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪ ግን ባለቤት ሳይሆን ተከራይ ነው፤ ለእርሱ መልሱ አጭር ነው፦ የአገልግሎት ክፍያ የባለቤቱ ዕዳ ነው። በኪራይ ውሉ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎ ቢሆን እንኳ ያ በሁለቱ መካከል የሚቀር ጉዳይ ሲሆን፣ ኩባንያው የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። ባለቤቱ ተናድዶ ወይም ተጨንቆ ተከራዩን ለማስወጣት ውኃና መብራት ቢያቋርጥ፣ እ.ኤ.አ. የ2007 የኪራይ ሕግ ቁጥር 26 ይህን በግልጽ ይከለክላል። ተከራዩ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ማስመዝገብና ከዚያም በማዕከሉ ካሣ መጠየቅ ይችላል። ቤቱ በሐራጅም ሆነ በሽያጭ ወደ አዲስ ባለቤት ቢዛወር፣ የተወሰነ ጊዜ ያለው የኪራይ ውል እንደጸና ይቀጥላል፤ አዲሱ ባለቤት የውሉ ዘመን ሳያልቅ «ውጡ» ሊል አይችልም። ዕዳ የበዛበት ባለቤት ቤቱን ለመሸጥ ብሎ ተከራዩን ማስለቀቅ ቢፈልግም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በተሻሻለው ሕግ መሠረት በሰነዶች አረጋጋጭ ሹም (ካቲብ አል-ዐድል) ወይም በአደራ ደብዳቤ የ12 ወር ማስታወቂያ መስጠት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ተከራይ ባለቤቱ የሕንፃውን ክፍያ አለመክፈሉን ሲሰማ «እኔም ኪራዬን እይዛለሁ» ይላል። ይህ የራሱን መብት በእጁ መጣል ነው። ኪራይ እንዲከፍል ማስታወቂያ ደርሶት በ30 ቀናት ውስጥ ያልከፈለ ተከራይ ውሉ ሳያልቅ ሊባረር እንደሚችል ያው የኪራይ ሕግ ይደነግጋል። ኪራዩን በሰዓቱ እየከፈሉ ቅሬታን ለብቻው ማቅረብ ነው የሚያዋጣው። ማዕከሉም ብዙዎቹን የኪራይ አቤቱታዎች በመጀመሪያ ወደ ዕርቅ ክፍሉ ይመራቸዋል፤ ለዕርቁ የተመደበው ጊዜ በመሠረቱ 15 ቀን ሲሆን ሊራዘም ይችላል። ለሽምግልና ባህል እንግዳ ላልሆነ ኢትዮጵያዊ ይህ ክፍል ከችሎቱ ይልቅ የሚቀል ነው።

ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚቆመው ግን በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ በኢጃሪ በተመዘገበ የኪራይ ውል። ከተከራይ ላይ አልጋ ወይም ክፍል የተከራየ ሠራተኛ፣ ዋናው ባለቤት በጽሑፍ ካልፈቀደ፣ ሕጉ የሚያውቀው ተከራይ አይደለም። በአንድ ክፍል ተጠጋግተው የሚኖሩ ወገኖች ከባለቤቱ ዕዳ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው በመጀመሪያ ሜዳ ላይ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ርካሽ አልጋ ማግኘት ቀላል ባይሆንም፣ ገንዘብ ከመስጠት በፊት ኢጃሪውን ማየትና ስምን በነዋሪነት ማስመዝገብ የሚያስከፍለው ጥያቄ ብቻ ነው።

በአሠሪ ቤት ለምታድር የቤት ሠራተኛ ጉዳዩ የበለጠ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ፌዴራላዊ ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 9 ተስማሚ መኖሪያ የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የሕንፃው ክፍያ ስለጨመረ ወይም ስለተወዘፈ ከደመወዟ የሚቆረጥ ነገር ሊኖር አይገባም።

ሥራ በማጣት ምክንያት ኪራዩን ወይም የቤቱን ክፍያ መሸፈን ላልቻለ ተቀጣሪ አንድ ተጨባጭ መደገፊያ አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ከሥራ የመፈናቀል መድን፣ መነሻ ደመወዙ 16,000 ድርሃም ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሠራተኛ በወር 5 ድርሃም እየከፈለ የሚገባበት ነው። ሠራተኛው በፈቃዱ ሳይለቅና በዲሲፕሊን ሳይባረር ሥራውን ሲያጣ የመነሻ ደመወዙን 60 በመቶ፣ በወር እስከ 10,000 ድርሃም፣ ቢበዛ ለሦስት ወራት ያገኛል። መነሻው 3,000 ድርሃም ለሆነ ሰው ይህ በወር 1,800 ድርሃም ነው፤ ኪራይ ባይሞላም ከባለቤቱ ጋር ለመነጋገር አቅም ይሰጣል። ሁለት ነገሮች ግን ብዙ ሰው ያሳጣሉ። ቢያንስ ለ12 ተከታታይ ወራት ያልከፈለ አያገኝም፤ ሥራው ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ያላመለከተም ይቀርበታል። የቤት ሠራተኞችና በራሳቸው ድርጅት የሚሠሩ ባለሀብቶች በዚህ መድን ውስጥ አልተካተቱም፤ እነርሱን በሚመለከት ክፍተቱ ገና አልተዘጋም።

በኪራይ ዕዳ ለተያዙ ችግረኞች ደግሞ በኪራይ አለመግባባቶች ማዕከል «የድ አል-ኸይር» (የበጎ እጅ) የተሰኘ ኮሚቴ አለ፤ መክፈል ያቃታቸውን ተከራዮች ጉዳይ አይቶ ዕዳቸው በበጎ አድራጊዎች እንዲሸፈን ይሠራል። የሚረዳው ተከራይን እንጂ የአገልግሎት ክፍያ የተወዘፈበትን ባለቤት አለመሆኑን ማወቅ ያሻል። እንደ ዳር አል-ቢር ያሉ ፈቃድ ያላቸው የበጎ አድራጎት ማኅበራትም ማመልከቻ ይቀበላሉ።

ወገን ሲቸገር መዋጮ ማሰባሰብ የኢትዮጵያውያን የቆየ ልማድ ነው። በእድርና በዕቁብ ያደገ ሰው የጎረቤቱ ቤት ሊሸጥ ነው ሲባል ስልኩን አውጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ «እንርዳ» ብሎ መጻፉ አያስገርምም። በኢምሬትስ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የልገሳ ሕግ (ፌዴራላዊ ሕግ ቁጥር 3) ከሕዝብ ልገሳ መሰብሰብን ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ ሰጥቷል፤ ግለሰብ በየገጹ ለሕዝብ ጥሪ አቅርቦ ገንዘብ ቢሰበስብ በቅጣት ያስጠይቀዋል። ቸርነቱ መልካም ሆኖ ሳለ ችግሩን ከአንድ ሰው ወደ ሁለት ሰው ሊያባዛው ስለሚችል፣ ጉዳዩን ፈቃድ ላለው ማኅበር ማቅረብ ይሻላል።

በመጨረሻም ቤት ገዝተው ወደ አገር ቤት የተመለሱ ባለቤቶች አሉ። ቤቱ ተቆልፎ ወይም በወኪል ተከራይቶ ይቀመጣል፤ የአገልግሎት ክፍያው ይከማቻል፤ ኢንዛሩ ወደ ተዘጋ የፖስታ ሣጥን ወይም ወደማይከፈት ኢሜይል ይሄዳል። ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ክፍያው አይቆምም፤ ወራሾቹ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ተቀምጠው ዕዳው በቤቱ ላይ ማደጉን ይቀጥላል። እነዚህ ባለቤቶች አድራሻቸውን በዱባይ የመሬት መምሪያና በአስተዳዳሪው ኩባንያ ዘንድ ማደስ፣ ክፍያውን የሚፈጽምና ማስጠንቀቂያ የሚቀበል ሰውም በውክልና መሰየም ይኖርባቸዋል። በኢትዮጵያ የተሰጠ ውክልና በዱባይ የሚሠራው በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በአዲስ አበባ ባለው የኢምሬትስ ኤምባሲ ከተረጋገጠ፣ ከዚያም በኢምሬትስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ተደርጎበት በፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ ዐረብኛ ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ስለሆነ ኢንዛሩ ከመምጣቱ በፊት መጀመር አለበት።